ጡረታው ለምን ቀነሰ? ሴፍቲኔቱስ በማን ቃል ቆመ?

ጥያቄው ከድሬዳዋ የመጣ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦

«አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። ከሞተ በኋላ ጡረታውን እናቴ ትቀበላለች። ዕድሜዋ 58 ነው። ኩላሊቷን ስለሚያማት መሥራት አትችልም። ቀበሌያችን ውስጥ በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍም ታቅፋ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ጡረታው ቀነሰ። ሴፍቲኔቱ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ስጠይቅ አንድ የኮሚቴ አባል ‹ጡረታ የሚበላ ሰው ሴፍቲኔት አይገባውም፤ ወንድምሽም ከጅቡቲ ይልካል› አለኝ። ወረቀት የሰጠን የለም። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፤ የምናስተምረው በዚሁ ብር ነበር። እንዲህ ማድረግ በሕግ ይችላሉ?»

እህቴ፣ የጠየቅሽው አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ነው። ጡረታው የቀነሰው በሕግ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ይመስለኛል። ሴፍቲኔቱ የቆመበት መንገድ ግን ልክ አይደለም። ምክንያታቸው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ መንገዱ ልክ አይደለም።

ሁለቱም ብር አንድ ቤት ስለሚገባ ከአንድ ኪስ የሚወጣ ይመስላል። አይደለም። ጡረታ የሚመጣው ከአዋጅ ነው። አባትሽ በሠሩባቸው ዓመታት ከደመወዛቸው እየተቆረጠ፣ መሥሪያ ቤታቸውም የራሱን እየጨመረ የተጠራቀመ መብት ነው። ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ስለዚህ እናትሽ የሚቀበሉት ችሮታ አይደለም። አባትሽ አስቀድመው የከፈሉበት ነው።

ሴፍቲኔት ሌላ ነው። ማንም አስቀድሞ አልከፈለበትም። መንግሥት ከራሱ በጀትና ከዓለም ባንክ በሚገኝ ገንዘብ የሚያካሂደው ፕሮግራም ነው። የሚመራውም በመመሪያ ነው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆችን እንደሚረዳ ይናገራል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ይሸከማል። ጡረታን በጀት አነሰ ብሎ ማስቀረት አይቻልም። ፕሮግራም ግን ዙሩ ሊያልቅ፣ የተጠቃሚው ቁጥር ሊቀነስ ይችላል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ቀበሌ ጡረታ አይቆርጥም። የጡረታ ቢሮም ሴፍቲኔት አያስቆምም። የኮሚቴው ሰውዬ ስለ ሴፍቲኔቱ ያወራሽ ነገር ለጡረታው መቀነስ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሁለቱ አንድ ሰሞን መከሰታቸው ነው ያደናገረሽ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ቢሮዎችም ፋይል ማገላበጥ ሲጀምሩ፣ የድሬ ሰው ሁሉ «ተቆረጠብኝ» የሚለው በዚያው ሰሞን ነው።

እስቲ ከጡረታው እንጀምር። «ቆመ» ሳይሆን «ቀነሰ» ነው ያልሽው። ይህ ቃል ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። ደግሞ ታናሽ ወንድምሽ 12ኛ ክፍል ነው ብለሻል። መቼ ነው 18 የሞላው?

ጡረተኛ ሲሞት ገንዘቡ ለ«ተተኪዎች» ይከፋፈላል። ሚስት ወይም ባል ሟቹ ያገኝ ከነበረው ጡረታ 50 በመቶ ያገኛሉ። እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ አለው። እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ ከሆነ 30 በመቶ ይሆናል። በብር እንየው። አባትሽ በወር 4,000 ብር ያገኙ ነበር እንበል። የእናትሽ ድርሻ 2,000 ነው። የወንድምሽ 800 ነው። ልጁ ትንሽ ስለነበር የእሱንም እናትሽ ይቀበሉለታል፤ በወር 2,800 ብር ቤት ይገባል። ልጁ 18 ሲሞላው የእሱ 800 ይቆማል። የእናትሽ 2,000 አይነካም። ቤት ውስጥ ግን የሚታየው «የእማዬ ጡረታ ቀነሰ» የሚል ነገር ነው። እውነቱ የእሳቸው አልቀነሰም። የልጁ ድርሻ ነው ያለቀው። የልጁ ሲቆምም ድርሻው ወደ እናት አይዞርም። ይህን ብዙ ሰው «ቢያንስ ለእሷ ይጨመርላት» ብሎ ይጠብቃል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

ልጅ ገና ተማሪ እያለ 18 ላይ መቆሙ ያናድዳል። እኔንም ያናድደኛል። 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው ራሱን የሚችለው? ግን ሕጉ የሚቆጥረው ዕድሜ እንጂ ክፍል አይደለም። ለየት የሚለው ልጁ አካል ጉዳተኛ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ከሆነ ነው። ያኔ የሕክምና ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ቀላል ነው። የባንክ ደብተሩን አውጪ። ከመስከረም በፊት የገባውንና ከዚያ በኋላ የገባውን ጎን ለጎን ጻፊ። አዲሱን ቁጥር ለአሮጌው አካፍዪ። መልሱ 0.71 ያህል ከሆነ (2,000 ለ2,800 ሲካፈል እንደሚወጣው)፣ ምሥጢሩ የወንድምሽ ልደት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ዝም አትበዪ።

ዕድሜ ላይ ግን አንድ ነገር እይ። በእኛ አገር የልደት ቀን በግምት ይጻፋል። ቀበሌ አንድ ይጽፋል፣ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ሆስፒታል ደግሞ ሦስተኛ። የጡረታ ቢሮው የሚያየው በፋይሉ ውስጥ ያለውን ማስረጃ ነው። ወንድምሽ እውነት ገና 17 ከሆነና ፋይሉ 18 ነው የሚል ከሆነ፣ ይህ የሚታረም ስህተት ነው። ማረም የሚቻለው ግን በዋናው የልደት ምስክር ወረቀት እንጂ በአፍ አይደለም። ለዚህ ጥቅም ብሎ አዲስ ልደት ማውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አትሞክሪው።

ጡረታን በሕግ የሚያስቆሙ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ተቀባዩ ሲሞት ይቆማል። ይህ ግልጽ ነው። ከሞት በኋላ በሟች ካርድ ማውጣት መመለስ ያለበት ዕዳ ነው፤ ወንጀልም ይሆናል። ስንት ቤት ነው ለቀብር ወጪ ብሎ የሁለት ወር አውጥቶ በኋላ የተጠየቀው! ዳግም ጋብቻም አለ። የሟች ሚስት ወይም ባል እንደገና ሲያገቡ አበሉ ሊቋረጥ ይችላል። እዚህ ላይ ሕጉ ዕድሜንም ስለሚመለከት ወጣት መበለትና እንደ እናትሽ ያሉ እኩል አይታዩም። በጤና ጉድለት ጡረታ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ድኖ ሥራ ከጀመረ የሚታይ ጉዳይ ነው። በስህተት በብልጫ የተከፈለ ካለም ቢሮው እንዲመለስለት ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበዛው ግን ምንም ሕግ የሌለበት መቆም ነው። ስም አይገጥምም። የባንክ ሂሳቡ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ተዘግቷል። መታወቂያው አልታደሰም። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር አልተያያዘም። ወይም «ባለመብቶች ቀርባችሁ ተመዝገቡ» ሲባል እማማ ታመው ነበር። እኔ ራሴ የጎረቤታችንን የአንዲት እናት ጡረታ ይዤ አንድ ቢሮ ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ምንም አላጠፉም። በአንዱ ወረቀት ፋጡማ፣ በሌላው ፋጢማ ተብለዋል። በቃ። አንድ ፊደል! በመስኮቱ ያለችው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይህን ብትነግረኝ ኖሮ የባጃጅ ብሬን ባተረፍኩ። ስለዚህ ጡረታ ዜሮ ሲሆን መጀመሪያ ባንኩን ጠይቁ። «ገንዘቡ ጭራሽ አልተላከም ወይስ ተልኮ ተመለሰ?» በሉ። መልሱ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ማን ነው የሚቆርጠው የሚለውም አለ። አበዳሪ ጡረታ አይዝም። ዕቁብ ሰብሳቢ አይዝም። ባለ ሱቁም አይዝም። ፍርድ ቤት ካዘዘ ለቀለብ፣ ለመንግሥት ግብር ወይም ለቅጣት ሊቆረጥ ይችላል። ከዚያ ውጭ ጡረታን መያዣ ማድረግ ወይም ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። መጋላ አካባቢ ኤቲኤም ካርዳቸውን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለባለ ሱቅ ሰጥተው ዱቄትና ዘይት በዱቤ የሚወስዱ ጡረተኞች አውቃለሁ። ሕጉ የከለለላቸውን በገዛ እጃቸው ሲሰጡት ማየት ያሳዝናል።

ወደ ሴፍቲኔቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ቅሬታሽ ያለው እዚህ ነው።

ሴፍቲኔት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። መሥራት የሚችለው መንገድ ይጠርጋል፣ ጎርፍ መውረጃ ይጠግናል፣ ችግኝ ይተክላል፣ በሠራበት ቀን ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም የጸና ሕመም ያለበት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እናትሽ ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ይህን ልዩነት አጥብቀሽ ያዢ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰው ሕግ በሁለተኛው ላይ ይጫናል።

ምሳሌ ልስጥሽ። በመጀመሪያው ዙር ለሠራተኞቹ የሥራው ቀን በየዓመቱ ይቀንስ ነበር። አንደኛ ዓመት ሙሉ፣ ሁለተኛው ዓመት ሁለት ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ዓመት ሲሶ። ከሚከፈላቸውም 20 በመቶ ይቆጠባል። መጨረሻ ላይ ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ ተሰጥቷቸው «ይመረቃሉ»። የዚህ ሰው ክፍያ መቀነሱ የተቆረጠ መብት አይደለም፤ ከመጀመሪያው የተነገረ ነው። 20 በመቶውም የራሱ ቁጠባ ነው። ከሥራ ቀርቶ ከሆነ የቀረበት ቀን አይከፈለውም። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን እርጉዝ ወይም አራስ እናት ከሥራው ስትወጣ በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ይቀጥልላታል እንጂ «አልሠራሽም» ተብላ አትሰረዝም። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ሴት ደግሞ ከምን ይመረቃሉ? ቀጥታ ድጋፍ ላይ ያለ ሰው «ጊዜሽ አልቋል፣ ተመርቀሻል» ከተባለ፣ ያ የሠራተኞቹ ደንብ ነው በሉ።

ታዲያ ቀጥታ ድጋፍ በምን ይቆማል? ተጠቃሚው ከሞተ ይቆማል። ከቀበሌው ከለቀቀ ይቆማል። በሁለት ቦታ ተመዝግቦ ከተገኘ ወይም የሰጠው መረጃ ሐሰት ከሆነ ይቆማል። የቤተሰቡ ኑሮ እንደገና ተመዝኖ ከመሥፈርቱ በላይ ሆኖ ሲገኝ ይቆማል። ፕሮግራሙ ራሱ ሲያልቅም ይቆማል። የኮሚቴው አባል ያለው ነገር ከእነዚህ ውስጥ የሚጠጋው አራተኛውን ነው። ጡረታ ገቢ ነው። ከጅቡቲ የሚላክ ብርም ገቢ ነው። መቆጠራቸው አይደንቅም። ስለዚህ «ይህ አይመለከታችሁም» ብለሽ አትከራከሪ፤ ትሸነፊያለሽ።

መከራከር ያለብሽ በመጠኑ ነው። ምልመላው ሲደረግ የአካባቢው ኮሚቴ ድሃውን ይለያል፤ ከዚያ የቤተሰቡ ኑሮ በጥያቄ ወረቀት ይመዘናል። ስንት ሰው በዚህ ቤት ይኖራል? ቤቱ የማን ነው? ምን ዕቃ አለ? ገቢው ከየት ይመጣል? ያ ምዘና ስለ እናትሽ ጡረታ መጀመሪያውኑ ያውቅ ነበር። ጡረታው ትናንት የተጀመረ አይደለም። እንዲያውም አሁን ቀንሷል። ድሮ ተቆጥሮ «ይገባቸዋል» ከተባለ፣ ገቢው ባነሰ ጊዜ «አይገባቸውም» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ይህ ነው ጠንካራው ነጥብሽ።

ጅቡቲ ስላለው ወንድምሽም እውነቱን ተናገሪ። በዓመት ሁለቴ ለአረፋ ወይም ለፋሲካ የሚልክ ከሆነ ያንን በይ። በየወሩ የሚልክ ከሆነም እንደዚያው። የላከበትን ደረሰኝ ሰብስቢ። ጎረቤት የሚያወራው ሁልጊዜ ከደረሰኙ ይበልጣል። ደግሞ መደበቅ አያዋጣም፤ ሐሰት ከተገኘ እውነተኛው ጥያቄም አብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ መንገዱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1183 ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር ተቋማትንም ይጨምራል። ዋናው ሐሳቡ አጭር ነው። የአንድን ሰው ጥቅም የሚነካ ውሳኔ የሚሰጥ ተቋም ሰውየውን ይስማ፤ ውሳኔውን በጽሑፍ ያድርግ፤ ምክንያቱን ይጻፍ። ቅሬታ የሚያይ ክፍልም ይኑረው። በዚያ ካልረካ ሰው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። መጀመሪያ ግን የተቋሙን የቅሬታ መንገድ መጨረስ አለበት። በሩ ላይ ቆሞ «አይገባውም» የሚል የኮሚቴ አባል ይህን አላሟላም። እሱ የነገረሽ ወሬ ነው። ውሳኔ አይደለም።

ሐረር ላለ አንባቢ እዚህ ላይ ልዩነት አለ። ሐረር የራሱ ምክር ቤት ያለው ክልል ነው፤ ይህ አዋጅ የክልሉን ቢሮዎች አይገዛም። ጀጎል ውስጥ ያለች እናት ሴፍቲኔቷ ቢቆም በፕሮግራሙ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በኩል ነው የምትሄደው፤ ከዚያ ወደ ክልሉ አካላት። ጡረታ ግን በሁለቱም ከተማ የፌዴራል ነው። ሐረር ያለ ጡረተኛና ድሬ ያለ ጡረተኛ የሚዳኙት በአንድ አዋጅ ነው።

ለሴፍቲኔቱ ነገ ጠዋት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። ጠበቃ አያስፈልግም። የሚከተለውን ቃል በቃል ውሰጂው፦

«እናቴ ወይዘሮ (ሙሉ ስም) በጸና ሕመም ምክንያት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ነበሩ። ከ(ወር) ጀምሮ ክፍያው ቆሟል። በጽሑፍ የተሰጠን ውሳኔ የለም። የቆመበት ምክንያት፣ የወሰነው አካልና የተመሠረተበት የመመሪያ አንቀጽ በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ የቤተሰባችን ኑሮም እንደገና እንዲመዘን እንጠይቃለን።»

እናትሽ ይፈርሙ። ካልቻሉ በጣት ይፈርሙ። ሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፤ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ያዢ። «ተይው፣ እናየዋለን» ቢሉሽ ማኅተም ሳይመታ አትውጪ። ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ካልተቀበሉሽ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው የሚመለከተው ቢሮ ውሰጂው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም እንዲህ ያለውን አቤቱታ ያያል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ተማሪዎቹ ከብዙ ጠበቃ የበለጠ ይተጋሉ። ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

የጡረታው መንገድ ሌላ ነው። አባትሽ የመንግሥት ድርጅት ሠራተኛ ስለነበሩ የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የራሳቸው ሌላ አስተዳደር አላቸው። ሰው ቢሮ ተሳስቶ ሲመላለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚያም በጽሑፍ ጠይቂ፤ «የማን ድርሻ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ለምን» በይ። በመልሱ ካልተስማማሽ ይግባኙ የሚሄደው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው እንጂ ወደ ሠፈርሽ ፍርድ ቤት አይደለም። የጊዜ ገደብ አለውና መልሱን በተቀበልሽ ሳምንት ተንቀሳቀሺ። ውዝፍ ክፍያም ይርጋ (ካለፈ የማይጠየቅበት ጊዜ) አለው፤ «ቆይቶም ቢሆን አይጠፋም» የሚልሽን አትስሚ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናትሽ የሆስፒታል ወረቀት መቼ የተጻፈ ነው? የዛሬ ሦስት ዓመቱን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ «አሁን ድነው ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪማቸው ሕመሙን፣ ክትትሉን፣ መሥራት አለመቻላቸውን የሚገልጽ አዲስ ወረቀት ይጻፍላቸው። ከደብዳቤው ጋር ኮፒውን አያይዢ፤ ዋናውን ግን ለማንም አትስጪ።